ከኬሞ በኋላ ያሉት 20 ቀናት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ካንሰር ሕክምና ሲጻፍ ጎልተው የሚወጡት መድኃኒቱና መሣሪያው ናቸው። ኬሞቴራፒ (ኬሞ) የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ግን በብዙ ዓይነት ካንሰር የሚሰጠው በ21 ቀን አንዴ ነው። ታማሚው ሐኪሙን የሚያገኘው በዚያች ቀን ነው፤ የቀሩትን 20 ቀናት የሚያሳልፈው ከአስታማሚው ጋር እቤቱ ነው። የካንሰር ሐኪም ድጋፍም የሚታየው በእነዚያ ቀናት ይመስለናል።

ከሁሉ የሚቀድመው የትኩሳት ጉዳይ ነው። ኬሞ ከተወሰደ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴል ክፉኛ ይወርዳል። ባክቴሪያን የሚዋጉት ኒውትሮፊሎች በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ500 በታች ከሆኑ፣ ቀላል የሚመስል ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ቁስሉ መግል ላይዝ ይችላል፤ መግል የሚሠራው ከእነዚሁ ሴሎች ነውና። የሚታየው ምልክት ትኩሳት ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር መኖሩን ይጠይቅ። ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ታማሚውን ብርድ ብርድ ብሎት ካንቀጠቀጠው፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን መንገዱ ወደ ሆስፒታል ነው፤ ታማሚው እንደደረሰ በደም ሥር የሚሰጠው አንቲባዮቲክ በ1 ሰዓት ውስጥ መጀመር ይኖርበታል።

ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው በፓራሲታሞል ነው። አስታማሚው ለመርዳት ብሎ ይሰጣል፣ ሰውነቱ ይበርዳል፣ ሁሉም እፎይ ብሎ ይተኛል፤ ኢንፌክሽኑ ግን ሥራውን አላቆመም። ሙቀት ሳይለካ፣ ሐኪም ሳይጠየቅ አይዋጥ። የኬሞ መድኃኒቱ ስም፣ የተሰጠበት ቀንና ሌሊት የሚነሣ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በታማሚው ኪስ ይኑር፤ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስም የመጀመሪያ ቃሉ «ኬሞ ላይ ነኝ» ይሁን።

የማቅለሽለሽ መድኃኒት የታዘዘውን ሰዓት ጠብቆ መወሰድ አለበት። ማስታወክ ከጀመረ በኋላ ማስቆሙ ይከብዳል።

ሕመም ሲበረታ የሚታዘዘው ሞርፊን በብዙ ቤት «አበቃ» የተባለ ያህል ያስደነግጣል። ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ይህን ፍርሃት ማድመጥ አለበት። ቶሎ የሚሠራው ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ የሚሰጠው ሕመሙ ተመልሶ እንዳይመጣ ነው። እንቅልፍ እንቅልፍ ማለቱ በጥቂት ቀናት ይቀላል። የሆድ ድርቀቱ ግን አይለመድም፤ ስለዚህ ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት በዚያው ቀን አብሮ ይታዘዝ። ይህ ስለሚረሳ ብቻ ማስታገሻቸውን አቋርጠው ሲሠቃዩ የሚከርሙ አሉ።

እንደ ፓክሊታክሴልና ኦክሳሊፕላቲን ያሉ የኬሞ መድኃኒቶች የእጅና የእግር ጣት ያደነዝዛሉ። «ይደነዝዝዎታል?» ሲባሉ ብዙዎች «ደኅና ነኝ» ይላሉ፤ ሕክምናው እንዳይቋረጥባቸው ይፈራሉ። «የሸሚዝዎን ቁልፍ ራስዎ ነው የቆለፉት?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ቁልፉን የቆለፈችው ልጃቸው ከሆነች መጠኑን መቀነስ ወይም መድኃኒቱን መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል፤ ዘግይቶ የተደረሰበት የነርቭ ጉዳት ላይመለስ ይችላልና።

ምክሩ ሁሉ ከተሰጠ በኋላ ሐኪሙ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ «ዛሬ ሌሊት ሙቀትዎ 38 ቢሆን ምን ያደርጋሉ?» ታማሚው «ሲነጋ እመጣለሁ» ካሉ ገና አልተግባቡም ማለት ነው፤ ከክፍሉ ሳይወጡ፣ አስታማሚው ባለበት እንደገና ይነገራቸው።

ከካንሰር ሕክምና ባለሙያዎች