ኤስን መጣል ወይስ ማቆየት

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን በማጥፋቴ ይቅር በይኝ። የስክራብል (በፊደል ጠጠሮች ሰሌዳ ላይ ቃል እየሠሩ ነጥብ የሚያገኙበት ጨዋታ) ወዳጆች የታወቁ ሚሞችን፣ ማለትም በይነመረብ ላይ የሚዘዋወሩ የቀልድ ምስሎችን፣ እንዴት የራሳቸው እንደሚያደርጉ ጠይቀሽኝ ነበር፤ ይኸው መልሱ።

ከሴት ጓደኛው ጋር እየሄደ ዞሮ ቀይ የለበሰች ሌላ ሴት የሚያየውን ወጣት ታስታውሻለሽ አይደል? ፎቶውን አንቶኒዮ ጊዬም እ.ኤ.አ. በ2015 በስፔኗ ጂሮና ያነሣው ሲሆን ሚም ሆኖ የተዛመተው በ2017 ነው። ሦስት ሰው ስላለበት ሦስት አጭር ጽሑፍ ይበቃዋል። ወጣቱ ላይ «ተጫዋቹ»፣ ቀይ የለበሰችው ላይ «ኤስን አሁን መጣል»፣ የተቆጣችው ጓደኛው ላይ «ኤስን ማቆየት» ይጻፋል። ኤስ የእንግሊዝኛዋ ፊደል S ናት፤ «መጣል»ም ጠጠሯን ሰሌዳው ላይ ማሳረፍ ነው።

ለምን ኤስ? ከ100ዎቹ ጠጠሮች 4ቱ ብቻ ናቸው ኤስ። የጨዋታው ፈጣሪ አልፍሬድ በትስ ያሳነሳቸው ሆን ብሎ ነው፤ ኤስን እየቀጠሉ ቃልን ሁሉ በቀላሉ ብዙ ቁጥር ማድረግ እንዳይቻል። ሰሌዳው ላይ «ካት» (CAT) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አለ እንበል፤ ሲ 3፣ ኤ 1፣ ቲ 1፣ ድምሩ 5። ኤስን ለብቻዋ ብትቀጥዪበት 6 ነጥብ ታገኛለሽ። በእጅሽ ያሉት ሰባት ፊደላት ግን «ሪቴይንስ» (RETAINS) የሚሠሩ ከሆኑ፣ ቃሉን ከላይ ወደ ታች ጽፈሽ የመጨረሻዋን ኤስ እዚያው «ካት» ጫፍ ላይ አሳርፊያት። ለቃሉ 7፣ ሰባቱንም ለመጣል 50፣ ለ«ካትስ» 6፤ ነጥብ የሚያባዙትን ባለቀለም ካሬዎች ሳንቆጥር 63። ያቺው ኤስ፣ ያችው ቦታ! ሚሙ ተጫዋቾችን የሚያስቀው ይህንን ስለሚያውቁት ነው።

ሚሙ የሚበላሸውም እዚሁ ሒሳቡ ላይ ነው። ተጫዋቾች ኤስ 8 ነጥብ ገደማ ካልጨመረች አትጣል የሚል የልምድ ሕግ አላቸው። ቀይ የለበሰችው 20 ነጥብ ተጨማሪ ካመጣች ወጣቱ ትክክል ነው፤ ቀልዱ ሞተ። ሰሌዳ ከሣልሽ ደግሞ ኤሶቹን ቁጠሪ፤ አምስተኛ ከታየች ከቀልዱ በፊት ስሕተቱን ያዩታል። መዝገበ ቃላቱም ይለያያል፤ «ዞ» (ZO) የሚለው ቃል በኮሊንስ መዝገበ ቃላት ይፈቀዳል፣ በሰሜን አሜሪካው አይፈቀድም።

በአማርኛ ልሥራው ካልሽ ኤስን በ«ኦች» መተካት አያዋጣም። «ቤት»ን «ቤቶች» ለማድረግ «ት» ተነሥታ «ቶ» መግባት አለባት፤ የተቀመጠ ጠጠር ደግሞ አይነሣም። ሳይነካካ የሚቀጠለው «ን» ነው። ቀይ የለበሰችው ላይ «ን»ን ለብቻዋ ጥሎ «ቤትን» ማድረግ ብለሽ ጻፊ፤ ጓደኛው ላይ «ብርሃን»ን ወደ ታች ጽፎ በዚያችው «ን» «ቤትን» ማድረግ። ብቻ «ን» የተቀጠለበት ቃል ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለውን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ አለዚያ ከሣቅ ይልቅ ክርክር ይነሣል።

ስትጨርሺው ቀድመሽ ለእኔ ላኪልኝ።

ያንቺው