የታሪክ ክበብ ዘገባ፦ ነርሷን ፍለጋ

የታሪክ ክበባችን በመስከረም ሲጀመር 11 አባላት ነበሩት፤ የእግር ኳስ ወቅት ሲገባ 7 ብቻ ቀሩ። ቅዳሜ ከአማርኛ ትምህርት በኋላ ሌላ አንድ ሰዓት መቀመጥ ለልጅ ከባድ ነውና የሄዱትን አልወቅስም። እኔ ለዘንድሮ ያሰብኩት ዓድዋን ነበር። አንዲት የ12 ዓመት ተማሪ ግን «ጋሼ፣ ዓድዋን አምናም ካቻምናም ሠርተናል፤ የቦስተን ሰው ለምን አንፈልግም?» አለችኝ። ከቀሩት ልጆች የአምስቱ እናቶች በነርስነት ወይም በነርስ ረዳትነት ስለሚሠሩ ምርጫው ነርስ ላይ ወደቀ። ስንት ዓመት በቦስተኑ ሮክስበሪ ሰፈር ስመላለስ ስሟን እንኳ ሰምቼ የማላውቃት ፍራንሲስ ስላንገር ወደ ክፍላችን የገባችው እንዲህ ነው።

የተወለደችው በፈረንጆቹ 1913 በሎድዝ፣ ፖላንድ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው። አባቷ ቀድሞ አሜሪካ ገብቶ ነበር፤ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መንገዱን ዘጋና እናቲቱ ልጆቿን ይዛ ቦስተን የደረሰችው በ1920 ሆነ። ይህን ሳነብ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «እኔም አባቴን ያየሁት ኤርፖርት ነው» አለና ዝም አለ። አባቷ በሮክስበሪ በጋሪ ፍራፍሬ ይሸጥ ነበር፤ እሷም ታግዘው ነበር። የልጆቹ ትልቁ ክርክር የተነሣው ግን በስሟ ነው። ፍሪደል ያኸት ሽላንገር ሆና ተወልዳ ፍራንሲስ ስላንገር ሆነች። «ማን ቀየረባት?» ተባለ። ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ስም በትምህርት ቤት መዝገብ እንዴት እንደተበላሸ ሲናገር የዚያን ዕለት ሰዓት ጨረስን።

የዘመን ቅደም ተከተሉን በሁለቱም አቆጣጠር እንዲሠሩ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ጣጣውም የእኔ ነው። ፍራንሲስ ከቦስተን ሲቲ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት የተመረቀችው በ1937 በፈረንጆቹ ነው። የሞተችው ኦክቶበር 21 ቀን 1944፣ ማለትም ጥቅምት 11 ቀን 1937 በእኛ ነው። አንዱ ቡድን ሁለቱን አደባልቆ በተመረቀችበት ዓመት ቀበራት። ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ ቀደድን።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1943 በፈረንጆቹ፣ በነርስነት ወደ አሜሪካ ጦር ሠራዊት ገባች። ጁን 10 ቀን 1944፣ የአሜሪካና የአጋሮቿ ጦር የፈረንሳይዋን ኖርማንዲ በወረረ በአራተኛው ቀን፣ ከ45ኛው የጦር ሜዳ ሆስፒታል ጋር ፈረንሳይ ወረደች። በጥቅምት ቤልጅየም ኤልሰንቦርን አካባቢ በድንኳን ውስጥ ነበረች። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲላት ለወታደሮቹ ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች። ምስጋና የሚገባው ለነርሶቹ ሳይሆን ለቁስለኞቹ ነው የምትል ደብዳቤ ናት። ከተጻፈች አንድ ቀን ሳይሞላ የጀርመን መድፍ ካምፑን መታው፤ ፍራንሲስም በ31 ዓመቷ ሞተች። ጋዜጣው ይህን ሳያውቅ ኖቬምበር 7 ቀን ደብዳቤውን በርእሰ አንቀጹ ቦታ አወጣው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች መልስ ጻፉላት።

ይህችን ደብዳቤ ወደ አማርኛ ለመመለስ አራት ቅዳሜ ፈጀብን። መላ ያጣንለት አንድ ቦታ ነበር። ፍራንሲስ በምድጃው ውስጥ ሊጠፋ የደረሰውን ፍም እያየች፣ ሰውም እንዲሁ ነው፣ ትንሽ ሕይወት ከቀረለት ቀስ በቀስ ይመለሳል ትላለች። በእንግሊዝኛው አንዱ ቃል እሳት ለሚንከባከብም በሽተኛ ለሚያስታምምም ያገለግላል። «እሳቱን አስታመምነው» ብለን ጻፍንና ራሳችን ሳቅን። «ቆሰቆስነው» ብንል ደግሞ ሰው አይቆሰቆስም። በሦስተኛው ቅዳሜ የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡ አንዲት አያት በሩ ላይ ቆመው ሲሰሙ ቆዩና «ነፍስ ዘራ በሉዋ!» አሉ። «እሳቱም ነፍስ ይዘራል፤ ሰውዬውም።» እኔ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ነበር የከረምኩት።

በሚያዝያ መቃብሯን ልንጎበኝ ወጣን። አስከሬኗ መጀመሪያ በቤልጅየም አርፎ ነበር፤ በ1947 ነው ወደ ቦስተን የመጣው። ያረፈችው በአይሁድ መቃብር ስለሆነ በሩ ቅዳሜ ተዘግቶ አገኘነው። ቀዳሚት ሰንበትን አክብሮ ያደገ ሰው ይህን መርሳቱ አሳፋሪ ነው። አውቶቡስ ያስጠበቅኳቸውን ወላጆች እዚህ ላይ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ተመለስን፤ እንደ ባህላቸው አበባ ሳይሆን ትንንሽ ጠጠር አኑረን መጣን። በ1945 የሆስፒታል መርከብ በስሟ ተሰይሞ እንደነበር ሲነገራቸው ትንንሾቹ መርከቡ አሁን የት እንዳለ ጠየቁኝ። ሳተርኒያ የተባለ የጣልያን መርከብ ነበር፤ በኋላም የቀድሞ ስሙ ተመልሶለታል።

በሰኔ የወላጆች ቀን ደብዳቤው ተነበበ፤ የድንኳን ሆስፒታሉ ሥዕልም ተሰቀለ። ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ የመጡ አንዲት እናት፣ የሥራ ልብሳቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ ሥዕሉን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ልጆቹ የደም ፕላዝማውን ጠርሙስ ከአልጋው ሥር ነበር ያስቀመጡት። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አሉኝ፣ «ከበሽተኛው በታች ከሆነ አይወርድለትም።» ላጲስ ለምነው ጠርሙሱን ራሳቸው ፋቁ፤ ከቁስለኛው ራስ በላይ እንጨት ተክለውም ሰቀሉለት። ሥዕሉ አሁን በክፍላችን በር ላይ ነው፤ የተፋቀው ጠርሙስ ምልክት ከአልጋው ሥር አሁንም ይታያል።