ይድረስ ለኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት፦ «አርባ ብለህ ጻፈው»

ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ አካባቢ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ተማሪዎቼን የሕዝብ ፒራሚድ አሥላለሁ፤ ወንድ በግራ፣ ሴት በቀኝ፣ ዕድሜ በአምስት በአምስት ዓመት ከታች ወደ ላይ። ያለን የ1999ኙ ቆጠራ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 በየአሥር ዓመቱ ይቆጠር ይላል፤ ያኔ ጨቅላ ሆነው የተቆጠሩት ግን እኔ ዘንድ ተምረው ጨርሰዋል።

ዘንድሮ ሰፈራቸውን ራሳቸው ቆጥረው እንዲያመጡ አዘዝኳቸው። አንዱ ጎረቤቱን ዕድሜያቸውን ሲጠይቃቸው «እኔ ምን አውቄ፣ አርባ ብለህ ጻፈው» አሉት። ጻፈ። እግረ መንገዱን ስለ ሰባ ሰባቱ ድርቅ ቢያነሣባቸው፣ ሁለት ልጅ ይዘው ባቲ መጠለያ እንደነበሩ አጫወቱት። ወረቀቱን ሳይ ሳቄ መጣ፤ ሴትዮዋ ሳይወለዱ ወልደዋል!

ግራፍ ወረቀቱ ላይ ግን አያስቅም። 30፣ 40፣ 50 የሚጀምሩት ረድፎች እንደ ገጣጣ ጥርስ ወጥተው ቀሩ። ዕድሜን ወደ 0 እና 5 ማጠጋጋት በአገር አቀፍ ቆጠራዎቻችንም የኖረ ችግር መሆኑን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

ወሎ ላይ ግን ነገሩ ይብሳል። በ1977 ድርቅ የሞቱት ሕፃናት፣ ያኔ ሳይወለዱ የቀሩት፣ በሰፈራ ወደ ወለጋና መተከል የተወሰዱት፣ ፒራሚዱ ላይ እንደ ስርጉድ መታየት ነበረባቸው። የዚያ ዓመት ልጅ ዛሬ አርባ አንድ ነው። ስርጉዱ የሚያርፈው «አርባ በለው» ያለ ሁሉ በሚከመርበት ረድፍ ላይ ነው። የጎደለውን ቦታ የሌላ ዘመን ሰው ይሞላዋል፤ ሥዕሉን ያየም ምንም አልጎደለም ይላል። (የሃያዎቹ ሴቶች ረድፍ ለምን እንደሳሳ ተማሪዎቼን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ግማሾቹ ዓረብ አገር እህት አላቸው።)

ስለዚህ በመጪው ቆጠራ ቆጣሪው «ስንት ዓመትዎ ነው?» ብሎ ያገኘውን ጽፎ እንዳይሄድ። ንጉሡ ሲወርዱ፣ በሰባ ሰባት፣ ደርግ ሲወድቅ ምን ያህል ነበሩ? ጡት ይጠቡ ነበር፣ ከብት ይጠብቁ ነበር፣ ወይስ አግብተው ነበር? ብሎ ያመሳክር። የክስተቶቹ ዝርዝር ከየወረዳው ሽማግሌዎች ጋር ይዘጋጅ፤ ባቲ የሚታወስ ነገር ላስታ ላይታወስ ይችላል። ውጤቱንም በአንድ በአንድ ዓመት ዘርዝራችሁ እስከ ወረዳ ድረስ አውጡልን። በአምስት ዓመት ተጠቅልሎ ሲመጣ ክምሩ የትኛው ዕድሜ ላይ እንዳረፈ አይለይም።

ልጁ ተመልሶ ሴትዮዋን ጠየቃቸው። ንጉሡ ሲወርዱ ፍየል ይጠብቁ ነበር። ከ60 እስከ 64 ባለው ረድፍ አስገብተናቸዋል፤ «አስረጃችሁኝ» ብለው ተቀይመውናል።

የጂኦግራፊ መምህር፣ ሐይቅ