ለአለቃ መንገር ለፖሊስ ማመልከት አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ባለፈው ሳምንት በስፖርት ገጻችሁ ስለ አሜሪካው ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያወጣችሁትን ረጅም ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። ጄሪ ሳንደስኪ የተባለው የአሜሪካ ፉትቦል ምክትል አሰልጣኝ በወንዶች ልጆች ላይ ለዓመታት የፈጸመውን ግፍ፣ የሹማምንቱን ዝምታ፣ በዩኒቨርሲቲው ላይ የተጣለውን የ60 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ሳይቀር ዘርዝራችኋል። እሱን አልነቅፍም። እኔን ከሥራዬ ያስነሣኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ዋናው አሰልጣኝ ጆ ፓተርኖ «የሰማውን ለአለቆቹ በማሳወቁ የበኩሉን ድርሻ ተወጥቷል» የምትለዋ። ዘጋቢያችሁ ይህን የጻፈው የሰውየውን ጠበቃ ጠቅሶ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ግን ማንንም አልጠቀሰም፤ ምስክርነቱን የሰጠው ራሱ ነው።

ድርሻውን ተወጥቷል! ፓተርኖ እንኳ ስለ ራሱ እንዲህ አላለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2011 ከሥራ በተሰናበተበት ዕለት ባወጣው መግለጫ፣ አሁን መለስ ብሎ ሲያስበው ከዚያ የበለጠ ባደርግ ኖሮ ብሎ እንደሚመኝ ገልጿል። ሰውየው በራሱ ላይ የፈረደውን ያህል እንኳ እናንተ ልትፈርዱበት አልደፈራችሁም።

የሆነውን ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2001 አንድ ዓርብ ማታ ማይክ ማክዌሪ የተባለ ወጣት ረዳት አሰልጣኝ፣ ሳንደስኪን በቡድኑ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ከአንድ ልጅ ጋር አየው። በማግስቱ ጠዋት ፓተርኖ ቤት ሄዶ ነገረው። ፓተርኖ ለስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ለቲም ከርሊና ለምክትል ፕሬዚዳንቱ ለጋሪ ሹልዝ ነገራቸው፤ ያውም የአለቆቹን የዕረፍት ቀን ማወክ እንዳልፈለገ በኋላ በሰጠው ምስክርነት ተናግሯል። ልጁ ሲጎዳ የዕረፍት ቀን ነው ያለው ግን የለም። ሁለቱ ኃላፊዎች ደግሞ ጉዳዩን ለፕሬዚዳንቱ ለግራሃም ስፓኒየር አደረሱ። እንግዲህ እዩልኝ፤ ወጣቱ በዓይኑ ያየው ወሲባዊ ድርጊት ነበር። ፓተርኖ ሲያስተላልፈው «ወሲባዊ ነገር ያለበት» ሆነ። ፕሬዚዳንቱ ጆሮ ሲደርስ «ልፊያ» ሆኖ ቀረ። ሰዎቹ በመካከሉ ለግዛቲቱ የሕፃናት ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለማሳወቅ አስበው ነበር፤ በኢሜይል ተጻጽፈውበታል። ከዚያ ሐሳባቸውን ለወጡና ሳንደስኪን «ከእንግዲህ ልጆችን ወደ ግቢያችን እንዳታመጣ» አሉት። ሌላ ቦታ ይውሰዳቸው ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ያ ልጅ ማን ነው፣ የማን ልጅ ነው፣ ዛሬ የት ነው ያለው ብሎ ያጠያየቀ አንድም ሰው አልተገኘም። ከዚያ በኋላም ለዓመታት ሌሎች ልጆች ተጎድተዋል።

ዘጋቢያችሁ ድርሻ ብሎ የጠራው ይህን መሰላል ነው። እያንዳንዱ ለበላዩ ነገረ፣ እያንዳንዱ እጁን ታጠበ።

እና ማን ነበር ከዚህ መሰላል ውጭ እርዳታ የጠየቀው? ይህ ነው ጽሑፋችሁ ውስጥ ጨርሶ የሌለው፤ ቂሜም ያለው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 አንዲት እናት ልጇ ፀጉሩ ርሶ ሲመጣ ጠይቃ፣ ከሳንደስኪ ጋር መታጠቡን ስትሰማ ፖሊስ ጋር ደወለች። ዐቃቤ ሕጉ ክስ አልመሠረተም እንጂ እሷ አድርጋዋለች። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ ሌላ እናት ወደ ልጇ ትምህርት ቤት ሄዳ ጮኸች፤ ሳንደስኪን ዘብጥያ ያወረደው ምርመራ የተጀመረው ከዚያ ነው። በ2012 ከ48 ክሶች በ45ቱ ጥፋተኛ ተብሎ ከ30 እስከ 60 ዓመት ተፈረደበት። ሹማምንቱ ቢሮ ውስጥ ሲጻጻፉ፣ ሁለት እናቶች ግን መጮህ ያለባቸው ቦታ ጮኹ። እናንተ የፓተርኖን 409 ድሎች ቆጥራችኋል። ሐውልቱ ከስታዲየሙ ደጃፍ የተነሣበትን ቀን አልረሳችሁም። የተሰረዙበት 111 ድሎች በ2015 እንደተመለሱለትም ጽፋችኋል። ለሁለቱ እናቶች አንድ መስመር ጠፋ! በነገራችን ላይ ፓተርኖ የተባረረ ማታ ተማሪዎች አደባባይ ወጥተው የቴሌቪዥን ጣቢያ መኪና ገልብጠው ነበር፤ የተቆጡት ለልጆቹ ሳይሆን ለአሰልጣኙ ነበር። የናንተም ገጽ ሐዘኑ ወደዚያው ያደላል።

ይህ ሁሉ ከተክለ ሃይማኖት ሰፈር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። እኔ ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ካሉት ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ ውስጥ አቤቱታ የምጽፍ ሴት ነኝ። ድሮ ራፖር ጸሐፊ የምንባለው ነን፤ አሁን ኮምፒውተር አለን እንጂ ሥራው ያው ነው። ሰው የደረሰበትን ይነግረኛል፣ እኔ «ለ» እና «ጉዳዩ» ብዬ እጀምራለሁ። የሰው ስቃይ ወረቀት ላይ ሲወርድ እንዴት እንደሚከሳ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጄ በከተማችን መሀል ባለ አንድ ማሠልጠኛ ሩጫ ትሠለጥን ነበር። ስሙን አልጠቅስም። አብራት የምትሮጥ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አሰልጣኙ ያደረጋትን ለልጄ ነገረቻት፣ ልጄ ለእኔ፣ እኔ ለእናቷ። እናቲቱ እንጀራ ጋግራ የምታድር ሴት ናት፤ ለልጇ ቱታና የመሮጫ ጫማ የሰጣትን ሰው ስትመርቅ ነው የኖረችው። (ሳንደስኪም ለችግረኛ ልጆች ብሎ እ.ኤ.አ. በ1977 የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቁሞ ነበር፤ የተጎዱት ልጆች የተገኙት ከዚያው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም።) ሁለታችንም ወደ ኃላፊው ሄድን። በአክብሮት ተቀበለን፤ ሻይ አዘዘልን። «የኔ እህቶች፣ አትጨነቁ፣ ጉዳዩን በውስጥ አሠራር እንይዘዋለን» አለን። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ተሰበሰበ፣ ቃለ ጉባኤ ያዘ። ከዚያ እናቲቱን ጠሩና ፈርሚ አሏት። ማንበብ ስለማትችል ወረቀቱን ተቀብላ ወደ እኔ አመጣችው። «በአሰልጣኙና በሠልጣኟ መካከል የተፈጠረውን አለመግባባት በውይይት ለመፍታት ተስማምተናል» ይላል። ትልቅ ሰውና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አልተግባቡም! እኔ በሥራዬ ብዙ ነገር ጽፌአለሁ፤ ይህን ግን ማንም ከፍሎ አላጻፈኝም።

አልፈረመችም። እነሱ ግን ተፈርሟል ብለው ፋይሉን ዘጉት። አሰልጣኙ መልቀቂያውንና የሥራ ልምድ ማስረጃውን ይዞ ወጣ፤ ማስረጃው ላይ «ለታዳጊዎች ዕድገት ላበረከተው አስተዋጽኦ» ምስጋና አለበት። የእኔ ልጅ ስም ከቀጣዩ ውድድር ዝርዝር ውስጥ ጠፋ። «ብቃቷ ስለወረደ ነው» አሉኝ። እንደ ወሬ ፈጥኖ የወረደ ብቃት አላየሁም።

እናቲቱ ፖሊስ ጣቢያ፣ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል፣ ስትሄድ መርማሪዋ መጀመሪያ የጠየቀቻት «ለምን ዘገያችሁ?» ብላ ነው። የሕክምና ማስረጃው ጊዜ አልፎበታል። ማሠልጠኛው ለፖሊስ ደብዳቤ የመለሰው ከብዙ ጉትጎታ በኋላ ሲሆን፣ መልሱም «ቀደም ሲል በስምምነት የተቋጨ ጉዳይ ነው» የሚል ነበር። ያ ኃላፊ ዛሬ በእናንተ ጋዜጣ መለኪያ ቢመዘን ንጹሕ ሰው ነው። ሰምቷል፣ ኮሚቴ አቋቁሟል፣ ለበላዩ ሪፖርት አድርጓል፣ ድርሻውን ተወጥቷል።

«ሕጉስ ምን ይላል?» የሚል አንባቢ ካለ፣ እኔም ያስቆጣኝ እሱ ነውና እነግረዋለሁ። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 443 ወንጀልን አለማስታወቅን ይቀጣል። ግን ማንን? በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ ወንጀል እያወቀ ዝም ያለን፣ እንዲሁም በሕግ ወይም በሙያው ደንብ የማስታወቅ ግዴታ እያለበት ያላስታወቀን። ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 በሆነ ልጅ ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድፍረት በአንቀጽ 626 ከ3 እስከ 15 ዓመት ነው የሚያስቀጣው፤ ከ13 ዓመት በታች ባለች ልጅ ላይ ሲሆን በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25። ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ወይም ሞት ካልተከተለ በቀር ዕድሜ ልክ አይደርስም። ስለዚህ ኃላፊው ዝም በማለቱ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አይያዝም። በሁለተኛው እንዲያዝ ደግሞ የሚያስገድደው ደንብ ሊኖር ይገባል። የማሠልጠኛውን መተዳደሪያ ደንብ ፈልጌ አነበብኩት። የተሰጠ ትጥቅ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ ይደነግጋል። ስለ ልጅ ምንም የለውም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም አንቀጽ 11 ላይ ማንም ሰው፣ ወንጀሉን በዓይኑ ባያይ እንኳ፣ የማመልከት መብት አለው ይላል። መብት ነው ያለው። ሰው መብቱን አልጠቀምም ቢል ደግሞ ማን ያስገድደዋል?

የአሜሪካኑን ጉዳይ ለእኛ ጠቃሚ የሚያደርገው ይህ ነበር፤ ዘጋቢያችሁ ግን ዘለለው። ዩኒቨርሲቲው ባለበት በፔንሲልቬንያ ግዛት ሕግ በዚያን ጊዜ የአንድ ተቋም ሠራተኛ ጥርጣሬውን ለተቋሙ ኃላፊ ከነገረ ይበቃ ነበር፤ ወደ መንግሥት የሚያደርሰው ኃላፊው ነው። መሰላሉ የተተከለው በሕግ ነበር ማለት ነው። ከሳንደስኪ በኋላ ግን ሕጉን ቀየሩት። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ማሻሻያ ያየ ወይም የጠረጠረ ሠራተኛ ራሱ በቀጥታ ለሕፃናት ጥበቃ መሥመር ያስታውቃል፤ ለአለቃው የሚነግረው ከዚያ በኋላ ነው። እናንተ ዛሬ «ድርሻውን ተወጥቷል» ብላችሁ የምታመሰግኑትን አሠራር እዚያው ያሉት ሰዎች አይበቃም ብለው ጥለውታል። ከርሊና ሹልዝ በ2017 ሕፃናትን ለአደጋ በማጋለጥ ጥፋተኝነታቸውን አምነዋል፤ ፕሬዚዳንት የነበረው ስፓኒየር በ2021 እሥር ቤት ገብቶ ወጥቷል። ሚሺጋን ስቴት የሚባለውም ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በ1997 አንዲት ታዳጊ የጂምናስቲክ ስፖርተኛ ሐኪሙ ላሪ ናሳር ስላደረጋት ነገር ለአሰልጣኝ ብትናገርም፣ ሰውየው የቆመው በ2016 ነው። የዩኒቨርሲቲው ካሳ 500 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። እዚያም ያው ነው፤ የሰማ አለ፣ ያስታወቀ የለም።

የጽሑፋችሁ የመጨረሻ አንቀጽ «በአገራችን ስፖርት ይህን መሰል ክስተት ስለመኖሩ የተመዘገበ መረጃ የለም» ትላለች። እንዴት ይኖራል? መዝገቡ ያለው ሻይ ካዘዘልን ሰውዬ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ርዕሱም «አለመግባባት» ነው።

ጠቃሚ ነገር መጻፍ ብትፈልጉ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም ነበር። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ልጆች ሕክምናውንም፣ ምክሩንም፣ የሕግ እርዳታውንም በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። እዚሁ እኔ ደጃፍ፣ ልደታ ፍርድ ቤት፣ ልጆች የበደላቸውን ሰው ፊት ሳያዩ በሌላ ክፍል ሆነው በካሜራ የሚመሰክሩበት ችሎት አለ። ያቺ እንጀራ ጋጋሪ እናት ይህን ብታውቅ ኖሮ የኮሚቴውን ስብሰባ አትጠብቅም ነበር። ይህን ያህል ቦታ ለ409 ድል ከሰጣችሁ፣ ለዚህ አራት መስመር አይገኝም ነበር?

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር በዚያው ገጽ ላይ አርሙ፤ በ1998 እና በ2008 የጮኹትን እናቶችም ጨምሩ። ሁለተኛ፣ ዘጋቢያችሁ የከተማችንን ማሠልጠኛዎች ዞሮ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅልኝ፦ አንድ ሠልጣኝ አሰልጣኙ እንደደፈራት ብትነግራችሁ መጀመሪያ የምትደውሉት ለማን ነው? መልሳቸውን ከነስማቸው አትሙት። እኔን ማነጋገር ከፈለገ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ቦታዬ አለሁ። የዚያን ቃለ ጉባኤ ቅጂም አሳየዋለሁ፤ እናቲቱ ፈቅዳልኛለች፣ የልጅቷ ስም ግን ተሸፍኗል።

አንዲት እናት
ከተክለ ሃይማኖት፣ አዲስ አበባ
(ሙሉ ስሜና አድራሻዬ በአዘጋጁ ዘንድ ይገኛል)