ይድረስ ለእማዬ፦ ስለ ስኳር ድንቹ ትል

አሰላሙ አለይኩም እማዬ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

እህቴ በስልክ የላከችልኝን ፎቶ አየሁት። ቅጠሉ ተበልቶ ደም ሥሩ ብቻ ቀርቷል። አንጀቴን በላው። ግን አብሽሪ፣ ሐረጉ ካልደረቀ እንደገና ያቆጠቁጣል። እኔን ያስጨነቀኝ ከቲማቲሙ የተረፈውን መድኃኒት ልርጭበት ማለትሽ ነው። እባክሽ ተይው። ሐረጉን ፍየሎቹ ይበሉታል። ትሉን የሚያጠቁት ተርቦችም አብረው ያልቃሉ። ደግሞ ያንን መርጫ በዚህ ዕድሜሽ እንድታዝይው አልፈልግም።

በጋው ሲገባ ማሳው ላይ የምትዞር፣ ክንፏ ብርቱካናማ ዳሩ ጠቆር ያለ ቢራቢሮ አለች አይደል? የትሉ እናት እሷ ናት። ፈዛዛ ቢጫ እንቁላሏን ቅጠሉ ላይ አንድ ቦታ ትጥለዋለች፤ በአንዴ ከ100 እስከ 400 ይደርሳል። ትሎቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ድር ሠርተው አንድ ላይ ይበላሉ። ሲያድጉ ግን ይበተናሉ። ቀን አፈሩ ላይ ይደበቃሉ፣ ሌሊት ይወጣሉ። ያኔ ማን ለቅሞ ይጨርሳቸዋል? መያዝ ድሩ ውስጥ እያሉ ነው። አንድ ቅጠል ስትቀነጥሺ መቶውን ትል አብረሽ አነሳሽ ማለት ነው።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ልጆቹ በየመደቡ ይለፉ። ቅጠሉን ገልብጠው ከሥሩም ይዩ። እንቁላል ወይም ድር ያለበትን ቀንጥሰው ሳሙና የተበጠበጠበት ባልዲ ውስጥ ይጨምሩት። ማሳው ዳር እንዳይጥሉት፣ ትሉ ተመልሶ ይገባል። አንቺ ጥላ ሥር ቁጭ ብለሽ እዘዣቸው፣ አትጎንበሺ።

ለሚቀጥለው ደግሞ ዝናቡ እንደጀመረ ቶሎ ትከሉ፤ ድንቹ በጋው ሳይጠና እንዲደርስ። በመካከሉ ቀይ ሽንኩርት ጣል ጣል አድርጉበት። እናንተ ቦርከና ዳር ለሽንኩርት ማን ብሏችሁ! ሽንኩርት ሲኖር ቢራቢሮዋ እንቁላል መጣሉን ትቀንሳለች። ለተከላ የምትቆርጡት ሐረግም ከዚህ ከተበላው ማሳ ባይሆን ይሻላል። ከሆነም እንቁላል እንዳይኖርበት አገላብጣችሁ እዩት።

ከአቅም በላይ ከሆነ ልማት ሠራተኛው መጥቶ ማሳውን ይይ። መርጨት ግድ ነው ካለ፣ የትኛውን መድኃኒት፣ ምን ያህል፣ ከተረጨስ በኋላ ስንት ቀን ለከብት እንደማይሰጥ ጠይቂው። ርጭቱን ወንድሜ ጓንት አድርጎ ይሥራው።

እህቴ ነገ ጠዋት ቅጠሉን ገልብጣ ከሥሩ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ለጎረቤቶቹ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ዱዓሽ አይለየኝ።

ልጅሽ