የልጅ ጌም ብላችሁ ሆረር ስለጫናችሁበት ታብሌት የቀረበ ቅሬታ

ሰላም ለሱቁ ባለቤትና እዛ ለምትሰሩ በሙሉ፣

እኔ ከፋሲካ በፊት ከናንተ ታብሌት ገዝቼ "የልጅ ጌሞች ጫኑልኝ" ብዬ 300 ብር ጨምሬ የከፈልኩ ደንበኛችሁ ነኝ። ለእህቴ ልጅ ነው የገዛሁት፣ 7 አመቷ ነው ብዬም በአፌ ተናግሬአለሁ። የጫነልኝ ልጅ "ችግር የለውም እህቴ፣ ለልጆች ለብቻ ያዘጋጀነው ፎልደር አለ" ብሎ ግማሽ ሰአት ሳይሞላ ጨርሶ ሰጠኝ፣ እኔም አምኜ ይዤ ሄድኩ። አንድ በአንድ ከፍቼ ማየት ነበረብኝ ትሉኝ ይሆናል ግን እኔ 300 ብር የከፈልኩት እናንተ አይታችሁ እንድትመርጡልኝ ነው፣ ዝም ብሎ መገልበጥማ እኔም እችላለሁ።

ከጫናችሁት መሀል አንዱ ፍራን ቦው የሚባል ሆረር፣ ማለት አስፈሪ ጌም ነው።

ምን እንደሆነ ሳታውቁ እንደጫናችሁት ገብቶኛል፣ ስዕሉን ላየ ሰው ትልልቅ አይን ያላት ትንሽ ልጅና ጥቁር ድመት ነው፣ የተረት መጽሐፍ ይመስላል። እኔ ግን ጌሙን በደንብ አውቀዋለሁ፣ በኮምፒውተር ገዝቼ እስከ መጨረሻው ተጫውቼዋለሁ፣ ስለዚህ ቅሬታዬን ከመናገሬ በፊት ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ነው፣ ኪልመንደይ ጌምስ የሚባል ስዊድን ያለ ትንሽዬ ስቱዲዮ ነው የሰራው፣ ስቱዲዮ ሲባል ደሞ ናታሊያና ኢሳክ ማርቲንሰን የሚባሉ ባልና ሚስት ናቸው፣ በ2013 ኢንዲጎጎ በሚባል ድረ ገጽ ላይ ከሰዉ ትንሽ ትንሽ ብር አሰባስበው የሰሩት ስራ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። ፍራን የ10 አመት ልጅ ናት፣ አንድ ሌሊት እናትና አባቷን ተቆራርጠው ሞተው ታገኛቸዋለች፣ ሚስተር ሚድናይት የሚባለውን ድመቷን ይዛ ወደ ጫካ ትሮጣለች፣ ከዛ በኋላ የምናያት የአእምሮ ህመም አለባቸው የተባሉ ልጆች የሚዘጉበት ተቋም ውስጥ ነው፣ ድመቱም የለም። ድመቷን አግኝታ አክስቷ ግሬስ ጋ መሄድ ብቻ ነው የምትፈልገው።

ዋናው ነገር ግን ኪኒኑ ነው። ዱኦቲን የሚሉት ቀይ ኪኒን ይሰጧታል። እሱን ስትውጥ ያው የቆመችበት ክፍል ይለወጥና ግድግዳው ደም፣ ጥጋጥጉ ሬሳ፣ ከልጆቹ አጠገብ ደሞ ጥላ የሚመስሉ ፍጥረቶች ቆመው ይታያሉ። እና ፐዝሉን፣ ማለት እንቆቅልሹን፣ ለመፍታት የሚያስፈልገው ነገር ወይም ፍንጩ ብዙ ጊዜ ያለው እዛኛው ገጽ ላይ ስለሆነ ኪኒኑን ሳይውጡ መቀጠል አይቻልም፣ ተጫዋቹ እየፈራም ቢሆን ደጋግሞ ያስውጣታል። ለትልቅ ሰው ይሄ በጣም የታሰበበት ነገር ነው፣ ልጅቷ የምታየው እውነት ይሁን ህመም፣ ሐኪሙ ዶክተር ዲርን ይርዳት ይጉዳት እያሰብን ነው አምስቱን ምእራፍ የምንሄደው፣ ጌሙ ሲያልቅም ይሄ ነው ብሎ ቁርጡን አይነግረንም። እኔ የተጫወትኩት አባቴ ባረፈ አመት ነው። የኔ ሀዘን ከሷ ጋር አይገናኝም፣ ግን ሰው የሚወደውን ሲያጣ ጭንቅላቱ ውስጥ የሚሆነውን እንደዛ አድርጎ ያሳየኝ ነገር ስላልነበር ብዙ አልቅሼበታለሁ። ይሄን የምነግራችሁ ጌሙን እንደማልጠላው እንድታውቁ ነው። የምወደው ጌም ስለሆነ ነው ለማን እንደተሰራ የማውቀው።

ለ7 አመት ልጅ አልተሰራም።

ደሞ የኛ ልጅ እንግሊዝኛ አንብባ አትረዳም። የፍራን ታሪክ ያለው ንግግሩ ላይ ነው፣ ፍራን ከእያንዳንዱ ሰው ጋር የምታወራው፣ እያንዳንዱን እቃ ስትነካ የምትለው ነገር አለ፣ ደሙን እንድንችለው የሚያደርገን እሱ ነው። እሱን ማንበብ ለማትችል ልጅ የሚቀራት ስዕሉ ብቻ ነው፣ የሞቱ ወላጆች፣ የታመሙ ልጆች፣ ደም። ምን እንደሆነ ሊያስረዳት የሚችል አንድም ቃል የለም።

እህቴ ለሁለት ሳምንት ያህል ልጅቷ ለብቻዋ አልተኛም እያለች፣ መብራት ሲጠፋ እየጮኸች ስታስቸግራት ትምህርት ቤት የሆነ ነገር ደርሶባት መስሏት አስተማሪዋን ሁሉ አነጋግራለች። ታብሌቱን ማንም አልጠረጠረም፣ የልጅ ጌም ነዋ ያለው። ከዛ አንድ እሁድ ሁላችንም እናቴ ቤት ተሰብስበን ቡና እየጠጣን የእናቴ የግፊት መድኃኒት ቡፌው ላይ ነበር። ልጅቷ መቼ እንደተነሳች አላየንም፣ አንዱን ኪኒን ከማሸጊያው አውጥታ በእጇ ይዛ መጥታ "አያቴ፣ ይሄ ቀይ አይደለም፣ ይሄን ብውጠውም ያኛው ቤት ይታየኛል?" አለቻት። እናቴ ከእጇ ነጥቃ ኪኒኖቹን ስትቆጥር እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። አልዋጠችም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያኛው ቤት የቱ ነው ብዬ ስጠይቃት ሮጣ ታብሌቱን አምጥታ ከፈተችልኝ፣ ኪኒኑን እንዴት እንደምትነካው አሳየችኝ፣ "አየሽ አክስቴ፣ እሱን ካልዋጠች በሩ አይከፈትላትም" አለችኝ። ሰውነቴ በሙሉ ቀዘቀዘ፣ ምክንያቱም ልጅቷ አልተሳሳተችም፣ ጌሙ የሚያስተምረው ልክ እሱን ነው፣ እሷ ደሞ ጎበዝ ስለሆነች ተማረችው።

በማግስቱ ሱቅ ደወልኩ። ያነሳው ልጅ "ካርቱን እኮ ነው እህቴ፣ ልጅ ነች ትረሳዋለች፣ ካልተመቻት አጥፊው" ብሎ ዘጋብኝ። ይቅርታ የሚል ቃል እንኳን አልሰማሁም፣ የዚህ ደብዳቤ ግማሽ ምክንያቱ ያ ስልክ ነው።

ከዛ ቁጭ ብዬ ፎልደሩን በሙሉ አየሁት። ሊምቦም አለበት! ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ምንም የማይመስል፣ ትንሽዬ ልጅ ወጥመድ ውስጥ ገብቶ አንገቱ የሚቆረጥበት፣ ትልቅ ሸረሪት በእግሯ የምትወጋበት ጌም ነው፣ እሱም ምርጥ ጌም ነው፣ እሱም የልጅ አይደለም። ሌላም ነገር አየሁ። ፕለይ ስቶር ላይ እያንዳንዱ ጌም ስር ለስንት አመት ልጅ እንደሚሆን ተጽፏል፣ ወላጅም እድሜ ወስኖ መዝጋት ይችላል፣ ግን ያ የሚሰራው ከፕለይ ስቶር ለወረደ ነገር ነው። እናንተ ፋይሉን ከኮምፒውተራችሁ ገልብጣችሁ ስለጫናችሁት ያ ሁሉ መከላከያ ታልፏል፣ ከሌላ ቦታ የመጣ አፕ እንዲጫን የሚፈቅደውንም ሴቲንግ ከፍታችሁ እንደዛው ትታችሁታል፣ እኔ ነኝ የዘጋሁት። ፍራን ቦው ደሞ ስልክ ላይ ምእራፍ በምእራፍ ነው የሚሸጠው፣ እናንተ አምስቱንም ጭናችኋል፣ አንዱንም እንዳልገዛችሁ ግልጽ ነው። ሁለት ሰዎች ከሰው ብር ለምነው የሰሩትን ስራ ክራክ አድርጋችሁ፣ ማለት ሳትከፍሉ ቁልፉን ሰብራችሁ፣ መሸጣችሁ አንድ ነገር ነው፣ ለማን እንደሰሩት እንኳን ሳታዩ ለህጻን መስጠታችሁ ግን ለነሱም ለኛም ከባድ በደል ነው።

የምጠይቃችሁ 300 ብሩን አይደለም፣ ብትመልሱት እወስዳለሁ ግን ጉዳዬ እሱ አይደለም። ያ ፎልደር ዛሬውኑ ይዘጋ። ማንም ከፍቶ ቢያንስ አስር ደቂቃ ሳይጫወተው አንድም ጌም የልጅ ተብሎ እንዳይገባበት፣ ወላጅ ሲመጣም የልጁ እድሜ ይጠየቅ፣ ነግሬያችሁ ነበር እኮ እኔማ። ከሁሉም በላይ ከኔ በፊትም በኋላም ያንን ፎልደር ያስጫኑ ሰዎች አሉ፣ እኔ ስገዛ ለዋስትናው ብላችሁ ስልኬን መዝግባችኋል፣ የነሱም አላችሁ ማለት ነው። ደውሉላቸው። የማንኛቸው ቤት ቡፌ ላይ ምን መድኃኒት እንዳለ እኔም እናንተም አናውቅም።

ልጅቷ አሁንም ከእናቷ ጋር ነው የምትተኛው፣ ትንሽ ተሽሏታል። ባለፈው "አክስቴ ድመቱን አገኘችው?" አለችኝ፣ አዎ አገኘችው አልኳት፣ እውነትም ጌሙ ላይ ታገኘዋለች። ሌላውን ስታድግ እነግራታለሁ።

ታብሌቱ እኔ ጋ ነው፣ ምንም አላጠፋሁበትም። ቅዳሜ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ፣ ባለቤቱ ራሳቸው እንዲኖሩና ከፍተው እንዲያዩት እፈልጋለሁ፣ ስልክ ያነሳው ልጅም ቢኖር ደስ ይለኛል።

ደንበኛችሁ፣ የልጅቷ አክስት