መንገድ ዳር ያሉትን አስኳላዎች አትለፏቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የጉዞ ገጻችሁን ሁሌ አነባለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሜሪካን ስታስጎበኙን ከኒው ዮርክና ከላስ ቬጋስ አትወጡም። እኛ ኦማሃና ካንሳስ ሲቲ አካባቢ የምንኖረውም ብንሆን ያው ነን፤ «እዚህ ሜዳ እንጂ ምን አለ?» እያልን ያንን ሁሉ የበቆሎ እርሻ ሰንጥቀን፣ ዴንቨር ሰርግ በልተን እንመለሳለን። እዚያ ሜዳ ላይ ግን መኪና አቁሞ ማየት የሚያስመኝ ነገር አለ። ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤቶች።

በ1785 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) መንግሥት መሬቱን ሲሸነሽን፣ ከየ36ቱ ቁራሽ 16ኛው ለትምህርት ይሁን ብሎ ደነገገ። በ1862 ደግሞ ለሰፋሪ እስከ 160 ኤከር በነፃ የሚሰጥ ሕግ ወጣ። (መሬቱ ቀድሞ የማን ነበር የሚለው ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።) ሰፋሪው ሜዳው ላይ ተበተነና ልጆች በእግር የሚደርሱበት ቦታ ሁሉ አንዳንድ ክፍል መሥራት ግድ ሆነ። አስተማሪዋ ብዙ ጊዜ ራሷ 20 ዓመት ያልሞላት ልጅ ነች፤ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ያሉትን ባንድ ላይ ይዛ፣ ተራ በተራ ፊት ወንበር ላይ እያስቀመጠች ትጠይቃለች፣ ትልልቆቹ ደግሞ ትንንሾቹን ያስጠናሉ። ይሄ ለኛ ሰው ብርቅ አይደለም። የኔታ ዘንድም ዳዊት የሚደግመው ነው ፊደል ቆጣሪውን የሚያስቆጥረው። በብርዱ ወራት ምድጃው አጠገብ የተቀመጠው ይጠበሳል፣ ጥግ ያለው ጣቱ ደርቆ እርሳስ መያዝ ያቅተዋል።

ካንሳስ ውስጥ ስትሮንግ ሲቲ አጠገብ ሎወር ፎክስ ክሪክ የሚባል አለ። በ1882 በኖራ ድንጋይ የተሠራ ነው፣ ኮረብታ ላይ ለብቻው ቆሟል። በ1930 እስኪዘጋ ድረስ ተማሪዎቹ ከ19 በልጠው አያውቁም፤ አንድ ተማሪ ብቻ የነበረበት ጊዜም አለ። አስቡት እስቲ፣ አንድ ልጅ ብቻውን! ጥያቄ ሲጠየቅ ማን ጀርባ ይደበቃል? ኋላ ጠጋግነው ያቆሙት ደግሞ የአትክልት ክለብ አባላት ናቸው። አበባ የሚተክሉ ሰዎች።

አንድ ነገር ግን ቅር ይለኛል። ብዙዎቹ ቀለም ተቀብተው፣ ባንዲራ ተሰቅሎባቸው፣ «ደጉ ዘመን» ብቻ ነው የሚያወሩት። ለዚህ ነው ነብራስካ፣ ቢያትሪስ አጠገብ ያለውን ፍሪማን ትምህርት ቤት የምወደው። በ1872 ተሠርቶ እስከ 1967 አስተምሯል፣ ያውም የጡብ ቤት ነው። ታሪኩ ውስጥ ደህና አድርጎ የተካረረ ጠብ አለበት። በ1899 ዳንኤል ፍሪማን የተባለው ሰፋሪ «አስተማሪዋ ክፍል ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ እያነበበች ታስጸልያለች፣ ይሄ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው» ብሎ ተነሳ። የሰማው ሲጠፋ ከሰሰ። መጀመሪያ ተረታ፣ በ1902 ግን የነብራስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደለት። ከዚያች ጠባብ ክፍል የወጣ ክርክር መሆኑ ነው! አንዳንዱ አንባቢ በፍርዱ ላይስማማ ይችላል፣ ይሁን፣ ቤቱ ውስጥ ቆሞ መከራከር ነው ደስ የሚለው።

ልጆች ላሏችሁ ደግሞ ኒቆዲሞስ አለላችሁ፣ ሰሜን ምዕራብ ካንሳስ። ከባርነት የወጡ ጥቁሮች በ1877 ከኬንታኪ መጥተው የቆረቆሩት ከተማ ነው። የመጀመሪያውን ብርድ መሬት ቆፍረው በሠሩት ጉድጓድ ቤት ነው የተወጡት። ማንበብ ሲከለከል የኖረ ሕዝብ ነውና ብዙም ሳይቆዩ ልጆቻቸውን ማስተማር ጀመሩ። ዛሬ ቆሞ የምናየው የ1918ቱ የእንጨት ትምህርት ቤት ነው፣ በ1955 ተዘግቷል። እዚህ አገር ተወልደው «ጥቁር» ተብለው የሚያድጉ ልጆቻችን ይሄን ከማንም በፊት ማየት ያለባቸው ይመስለኛል፣ ከላስ ቬጋስ በፊት ቢያንስ።

ስትሄዱ መጀመሪያ ክፍት መሆኑን አጣሩ። ብዙዎቹ በተወሰነ ቀን ካልሆነ አይከፈቱም፤ በመስኮት አጮልቆ መመለስ ያናድዳል። ምግብም ይዛችሁ ውጡ።

እናንተም አንድ ጋዜጠኛ ላኩ። ኦማሃ ድረስ ይምጣልኝ እንጂ መኪናውን እኔ እነዳለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከኦማሃ